በሩ ላይ ያልተለጠፈው ማስታወቂያ፦ የድሬዳዋና የሐረር የጉዞ ማስታወሻ

ጅማ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ከመጻሕፍቱ ክፍል ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችን። የሠፈሩ ሰዎች ያዋጧቸው ዕቃዎች ተቀምጠውባታል፦ ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች፣ የማር ቀፎ፣ አሮጌ የቡና ሙቀጫ። ‹‹ሙዚየማችን›› እንላታለን፤ ነገር ግን ከተማሪዎች በስተቀር የሚገባባት የለም፤ እነሱም የሚገቡት ዝናብ ሲያባርራቸው ነው። ይህ ለዓመታት ከነከነኝ። ሐረር ያለች ጓደኛዬ ደውላ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ በጀጎል ውስጥ ካሉት ሙዚየሞች አንዱ ግንቦት 10 ለሚከበረው የዓለም ሙዚየም ቀን የሰበዝ ስፌት ትርኢት እንደሚከፍትና ሌሎችም መርሐ ግብሮች እንዳሉት ስትነግረኝ፣ የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ተነሣሁ። ዘመኑ 2017 ዓ.ም. ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6፦ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ

አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣ። ትኬቱ 1,650 ብር ነበር። መተሐራ ስንደርስ የበሰቃ ሐይቅ ውኃ መንገዱ ዳር ድረስ መጥቶ ነበር፤ ደርቀው የቆሙ ዛፎች ከውኃው መካከል ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ። አዋሽ ላይ ቁርስ በላን። ጅማ ለምለም አገር ናትና፣ እንዲህ ያለ ሜዳ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ዛፍ ፍለጋ ይንከራተታል።

አሰበ ተፈሪን አልፈን ሒርናን እንደተሻገርን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪው ጎማ ሲወርድ እሱም አየር የለውም። ረዳቱ ጎማውን በሌላ መኪና ጭኖ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እኛም ሁለት ሰዓት ከመንገዱ ዳር ተቀመጥን። ልጆች በጋዜጣ የተጠቀለለ ለውዝ ይዘው መጡ፤ አንዱ ጥቅልል 20 ብር። አንዲት ሴት በቴርሞስ ሻይ አመጣች። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ የሐረር ሰው ናቸው። ለምን እንደምሄድ ስነግራቸው፣ ‹‹ስፌት ለማየት ከጅማ ድረስ?›› አሉና ትንሽ ዝም ብለው፣ ‹‹እናቴ ትሰፋ ነበር›› አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ጨለንቆ ድረስ ስለ እናታቸው አወሩልኝ።

ጨለንቆ ስንደርስ በመስኮት አመለከቱኝ። አሚር አብዱላሂ በ1879 ዓ.ም. በንጉሥ ምኒልክ ጦር የተሸነፉበት፣ ሐረርም ራሷን የቻለች ከተማ መሆኗ ያበቃበት ሜዳ ነው። አሁን እርሻና ጫት ነው። ሽማግሌው፣ ‹‹የቤታችን መደብ ቀይ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሐረር ስትደርሺ ታይዋለሽ›› አሉ። ቁልቢን ያለፍነው ሲመሽ ነው። ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ በየመታጠፊያው ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፤ ድሬዳዋ ስንገባ ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ነበር። ከዚራ በተባለው ሠፈር ያገኘሁት ሆቴል 900 ብር አስከፈለኝ፤ ማራገቢያ አለው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር አደረ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፦ ድሬዳዋ

ጠዋት ከዚራን በእግሬ አየሁ። የዛፎቹ ጥላ፣ በፈረንሳይ ስልት የተሠሩት ቤቶች፣ ቀጥ ያሉት መንገዶች ሁሉ የባቡሩ ልጆች ናቸው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተማይቱም በዚያው ተወለደች። ‹‹አዲስ ሐረር›› የሚል ስም ነበራት። ሐዲዱ አዲስ አበባ ለመድረስ ግን እስከ 1917 እ.ኤ.አ. ፈጅቶበታል። 784 ኪሎ ሜትር ነው።

አሮጌው ጣቢያ ጸጥ ብሏል። ፈቃድ ጠይቄ፣ በጡረታ የተገለሉ አንድ የባቡር ሠራተኛ የጥገና ጋራዡን አሳዩኝ። ስለዚህ ሰው ብዙ መጻፍ እፈልጋለሁ። እያንዳንዱን መኪና በፈረንሳይኛ ስሙ ነው የሚጠሩት፤ በዚያ ቤት የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና። አንድ የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ እጃቸውን አሳርፈው እንደ ከብት ደባበሱት። ‹‹ይኼ ሲነሣ ወለሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድምፁን ሰምተን ነው የታመመና ያልታመመ የምንለየው›› አሉኝ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ የለም። ቢኖርም ‹‹የብረት መቅረጫ›› ከማለት አያልፍም ነበር። ስለ ድምፁ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ደግሞ ሰባዎቹን አልፏል። ፊት ለፊታቸው ቆሜ የሚናገሩትን በደብተሬ መጻፍ ጀመርኩ፤ ስምንት ገጽ ሞላ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ድምፃቸውን አለመቅዳቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሰዓት በኋላ የደቻቱን ወንዝ በድልድይ ተሻገርኩ። ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ማዶው መጋላ ነው፤ ቀፊራ ገበያ ገብቼ ሳምቡሳ በላሁ፣ አንዱ 20 ብር። ሙቀቱን የለመዱት ነጋዴዎች የቀትሩን ሰዓት ከየዕቃቸው ጎን ጋደም ብለው ያሳልፋሉ። እኔ ውኃ በውኃ ሆኛለሁ።

ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ባለው ገደል ላይ በፈረንሳይኛ ስሙ ‹‹ፖርክ ኤፒክ›› የሚባለው ዋሻ አለ። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች የተጠቀሙበት ቀይ አፈርና ድንጋይ፣ ከ4,000 በላይ ቁራጭ፣ በክብደት 40 ኪሎ ያህል ወጥቶበታል። እየፈጩ ዱቄት ያደርጉት ነበር። ዕቃቸውንም ሆነ ገላቸውን በቀለም የሚያስውቡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ለሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ይህን ስነግራት በጣም ተገረመች፤ እዚያው ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ከተማዋ ለዚህ የሚመጥን አዳራሽ ቢኖራት፣ ይህች ልጅ ከእኔ ከእንግዳዋ መስማት አልነበረባትም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8፦ ወደ ሐረር

ሚኒባሱ 150 ብር ነበር፤ መንገዱ ሃምሳ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደንገጎን ስንወጣ ንፋሱ በመስኮት ገባና እፎይ አልኩ። ሐረማያ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ሐይቁ ዞረ። ደርቆ ከብት የሚሄድበት የነበረው ስፍራ ውኃ ቋጥሯል፤ አንዲት እናት ለልጇ ‹‹እኔ በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ጀልባ ነበረው›› አለቻት። ወደ ቤታቸው የተመለሰ ዘመድ ያዩ ነው የሚመስሉት። አወዳይ የጫት ገበያ ነው፤ መኪናው መንገዱን ለማለፍ ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ሐረር የገባሁት ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው። ሻንጣዬን እንደያዝኩ በአሮጌ ሰማያዊ ፔጆ ታክሲ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወረድኩና በቀጥታ ወደ ሙዚየሙ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። ዓርብ መሆኑን ረስቼዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ወደ ጁምዓ ሄዷል። በሩ ላይ የተለጠፈ ምንም ነገር አላየሁም፤ የመክፈቻ ሰዓትም ሆነ ስለ እሑዱ ዝግጅት አንዲት መስመር እንኳ የለም። ማኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ ወረድኩ፤ ስሙ የመጣው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን እነሱም ዝም ብለዋል። አንድ ልብስ ሰፊ ሱቁን ሊዘጋ ሲል አገኘሁትና ስለ ትርኢቱ ጠየቅሁት። ‹‹እሑድ? እዚህ? አልሰማሁም እኅቴ›› አለ። ሙዚየሙ ከሱቁ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም።

9 ሰዓት ላይ ተመልሼ ስገባ ማስታወቂያውን አገኘሁት። ከውስጠኛው በር ላይ፣ ከትኬት ጠረጴዛው በላይ፣ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ታትሞ በጥንቃቄ ተለጥፏል። እሑድ ግንቦት 10 የስፌት ትርኢት መክፈቻ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለልጆች የመጽሐፍ ድጉሰት (መጽሐፍን በቆዳ የመለበጥ) ትምህርት፤ በሰኔ መጨረሻ ከዓሹራ በፊት የበዓሉ ዕቃዎች ማሳያ። እንዴት ያለ መልካም ዝግጅት! ነገር ግን ሊያነበው የሚችለው ቀድሞ የገባ ሰው ብቻ ነው። አስጎብኚው ትሑት ወጣት ነው፤ ቅር እንዳይለው ፈርቼ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ‹‹እውነት ነው እኅቴ። ያለን ወረቀት አንድ ነው፤ ውጭ እንዳይዘንብበት ብለን ነው›› አለኝ። ቤተ መጻሕፍታችንን አስታወስኩ። እኛም የመርሐ ግብራችንን ዝርዝር የምንለጥፈው ከውስጥ ነው።

ማደሪያዬ የጓደኛዬ አክስት ቤት ነው፤ ሰው ሁሉ ሐጃ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ግቢው ከውጭ ሲታይ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ውስጡ ስገባ የአውቶቡሱ ሽማግሌ የነገሩኝን አየሁት፦ አምስቱ መደቦች፣ ‹‹ነደባ›› የሚሏቸው፣ በየደረጃቸው ተነጥፈዋል፤ ወለሉም መደቡም ቀይ ነው። ‹‹የጨለንቆ ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ አባቶቻችን›› አሉ ሐጃ፣ ልክ ትናንት የሆነ ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው። የአሚር ነደባ የተባለው መደብ ለቤቱ ባለቤት እንደሆነ ነግረውኝ፣ እኔን ለእንግዳ በሚሆነው ላይ አስቀመጡኝ።

ከጅማ ማርና አንዲት ትንሽ በርጩማ ይዤላቸው ነበር። በርጩማዋን አገላብጠው አዩና፣ ‹‹መጋጠሚያ የላትም?›› አሉ። የላትም፣ ከአንድ እንጨት ናት አልኳቸው። ደስ አላቸው። ለእራት ሁልበት መረቅ በቂጣ ቀረበልኝ፤ ከላዩ የተመታ አብሽ አለበት፤ ምሬቱ መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ ከሦስተኛው ጉርሻ በኋላ ማቆም አይቻልም። ቀጥሎ ሐሸር ቃህዋ፤ የቡና ገለባ በወተትና በጨው ተፈልቶ። እኛ ጅማ የቡና አገር ነን እያልን ገለባውን ለማዳበሪያ እንደፋዋለን።

ስለ እሑዱ ስነግራቸው ሐጃ ፊታቸው ተለወጠ። ‹‹ስፌት ነው የሚያሳዩት? የማንን ስፌት? ለምን አልነገሩንም?›› አሉ። በሐረሪዎች ዘንድ አፎቻ የሚባል ማኅበር አለ፤ በሐዘንም በደስታም የሚጠራራ፣ ከእኛ እድር ጋር የሚቀራረብ ነው። የእሳቸው የሴቶች አፎቻ ቅዳሜ ይሰበሰብ ነበር። ‹‹ነገ እነግራቸዋለሁ›› ብለው ተኙ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፦ በጀጎል ውስጥ

ቀኑን ለሌሎቹ ሙዚየሞች ሰጠሁት። በመጀመሪያ የሸሪፍ ሙዚየም። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከ30 ዓመት በላይ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሰበሰቡት ነው፤ የተቀመጠውም ራስ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ያደሩበት በሚባለው፣ በር ማዕዘኑ በተቀረጸ እንጨት ባማረ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። የእጅ ጽሑፎቹ ናቸው ልቤን የያዙት። እሳቸው ድጉሰቱን ራሳቸው ተምረው አሮጌ መጻሕፍትን ጠግነዋል። የሐረር አሚሮች ያሳተሙት ገንዘብ፣ ማሐለቅ የሚባለው፣ የጣት ጥፍር የሚያክል ነው። አንዲት ከተማ በ48 ሄክታር ግንብ ውስጥ ሆና የራሷን ሳንቲም ስትመታ ማሰብ ያስደንቃል። አሚር ኑር ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህላል፤ ውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ስፍራዎች አሉ። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ያደረጋት በ1998 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት። ባለ ቀለም መስታወቶቹና ከላይኛው ፎቅ የሚታየው የከተማዋ ጣራ ያምራሉ። ገጣሚው ሐረር በተለያየ ጊዜ የኖረው ከ1880 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቤቱ ግን እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ይህንን ብዙ ጎብኚ ሳያውቅ ይወጣል። እኔ ራምቦን ትቼ የድሮዋን ሐረር ፎቶግራፎች ነው ያየሁት፦ ገበያው፣ በሮቹ፣ ለብሰው የቆሙ ሴቶች። ሥዕሎቹ ላይ የሰዎቹ ስም የለም።

በመንገድ ላይ የጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ፤ ፈረስ መጋላ አንድ ሊስትሮ በ40 ብር ሰፋልኝ። ማታ ከፈላና በር ውጭ ጅቦች ሲበሉ አየሁ። ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርጎ የሚያበላው ሰው በስማቸው ይጠራቸዋል። የእኛ አገር ጅብ በሌሊት የምንሰማው ድምፅ ብቻ ነው፤ እዚህ ፊቱን አየሁት። ሐጃ ስመለስ ስለ ዓሹራ ነገሩኝ፦ በዚያ ሌሊት ቅቤ የበዛበት ገንፎ ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ ጅቦቹ በደንብ ከበሉት ዓመቱ መልካም ይሆናል ተብሎ ይታመናል። የሹዋሊድ በዓልም ሳልደርስበት አልፏል፤ ከረመዳን በኋላ ሴቶቹ ስድስት ቀን ጾመው የሚጀምሩት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል።

‹‹አፎቻውስ?›› ስል ጠየቅኋቸው። ‹‹ይመጣሉ›› አሉ፤ ከዚያ በላይ አልጨመሩም።

እሑድ፣ ግንቦት 10፦ ትርኢቱ

የዚያ ዓመት የሙዚየም ቀን መሪ ቃል በፍጥነት በሚለወጡ ማኅበረሰቦች ውስጥ ስለ ሙዚየሞች መጪ ዘመን ነበር። 3 ሰዓት ላይ ንግግሩ ሲጀመር ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ ግማሹ ተጋባዥ እንግዳ ነው። 3:20 ላይ መብራት ጠፋ። የድምፅ ማጉያው ዝም አለ። አስጎብኚው ላቡን እየጠረገ መስኮቶቹን ከፈተ።

ከዚያ ሴቶቹ ገቡ። ሠላሳ ይሆናሉ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ቀለም በቀለም ለብሰዋል፣ ሐጃ ከፊት ናቸው። ብዙዎቹ ከቤታቸው ስፌት ይዘዋል፤ ሦስቱ የተጀመረ ሥራ፣ ሰበዝና ወስፌ ይዘው መጥተዋል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው መስፋት ጀመሩ። መብራት ባለመኖሩ ሁሉም ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

በግድግዳው ላይ ካሉት ስፌቶች ሥር ያለው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነው፦ ‹‹ስፌት፣ ሐረር››። ሴቶቹ ይህን ሲያነቡ ተንጫጩ። አንዷ ወደ ትልቁ ክዳን ሄዳ፣ ‹‹ይኼ ብቻውን አይሰቀልም፣ ጥንድ ነው፣ ወንድሙ የት አለ?›› አለች። ሌላዋ አለላው ድሮ የተነከረ ይሁን ወይስ የሱቅ ቀለም መሆኑን በጥፍሯ ጫር አድርጋ ነገረችን፤ ሙዚየም ውስጥ ያለ ዕቃ አይነካም ልል ብዬ ዝም አልኩ። አስጎብኚው እርሳስ አምጥቶ መጻፍ ጀመረ። በኋላ እኔም ደብተሬን አውጥቼ አገዝኩት። ሐረሪኛውን ሐጃ ይተረጉሙልኛል።

አንዲት ዝም ያሉ እናት በስተቀኝ በኩል ካለች ትንሽ ሙዳይ ፊት ቆመው ቀሩ። ወደ እሳቸው ስጠጋ፣ ከሥር ያለውን ዙር በጣታቸው አሳዩኝ፤ አንድ ቦታ ላይ ቀዩ ክር በአረንጓዴው ቦታ ገብቷል። ‹‹የእኅቴ እጅ ነው›› አሉ። ‹‹ሞይ ጋር አብረን ነው የተማርነው። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነበር የምትሳሳተው፤ እናታችን ታስፈታት ነበር፤ ይችን አላስፈታቻትም።›› ሞይ ጋር ልጃገረዶች ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበት ቤት ነው። እኅታቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሙዳዩ እንዴት ከቤታቸው እንደወጣ አላወቁም፤ አልጠየቁምም። አስጎብኚው ‹‹ስፌት፣ ሐረር›› የሚለውን ወረቀት አንሥቶ በጀርባው የሟቿን ስምና የሠፈራቸውን ስም በእርሳስ ጻፈና መልሶ አቆመው። እናትየው ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ሐጃ አነበቡላቸው።

መብራቱ 6 ሰዓት ሲሆን መጣ። ማንም ልብ ያለው አልነበረም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11፦ መልስ

ጠዋት አስጎብኚውን ልሰናበተው ስሄድ ማስታወቂያውን በላስቲክ ጠቅልሎ ከውጨኛው በር ላይ ሲቸነክር አገኘሁት። ማኪና ግርግር ላይ ያ ልብስ ሰፊ፣ ‹‹ባለቤቴ ትናንት ነበረች፣ ቅዳሜ ልጆቹን ልትወስድ ነው›› አለኝ። ገበያ ገብቼ በፀሐይ የደረቀ የሐረር ቡና ገዛሁ፤ ሐጃ ደግሞ ገለባውን ለብቻ በከረጢት አድርገው ሰጡኝ፤ ገንዘብ ልሰጣቸው ብል ተቆጡኝ።

ጅማ ከተመለስኩ በኋላ በርጩማዎቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ ታችኛውን ጎናቸውን ማየት ጀምሬያለሁ። በሁለቱ ላይ የጠራቢው የመጥረቢያ ምልክት አለ። የሠፈራችን አሮጌ ጠራቢዎች ሐሙስ ዕለት ይመጣሉ፤ ወረቀቱን የለጠፍኩት መስጊዱ በር፣ ቤተ ክርስቲያኑ በርና ወፍጮ ቤቱ ላይ ነው።

በሰኔ መጨረሻ ከዓሹራ በማግስቱ ሐጃ ደወሉልኝ። የገንፎው ማሰሮና የእንጨት ገበታው ሙዚየሙ ውስጥ ሦስት ቀን ከታየ በኋላ ወደ ኮረብታው እንደተወሰደ ነገሩኝ። ‹‹ጅቦቹስ?›› አልኳቸው።

‹‹ጨረሱት ልጄ፤ ገበታውንም ልሰውታል።››